ዳርጌና የቶዮታው ዙር ቆጣሪ

ዳርጌ መስማት ያቆመው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፤ ለዚያ ግድም አልነበረው። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ከሩቅ እንደሚወራ ወሬ ደበዘዘበት። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ቶዮታውን ሊያስነሳ ቁልፉን ሲያዞር መሪው እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ እንጂ ሞተሩ ድምፅ አላሰማም። አልተነሳም ብሎ ደግሞ አዞረው። ሚስቱ አበዛሽ ከደጃፍ ሆና ሁለት ጆሮዋን በእጆቿ ስትይዝ ባየ ጊዜ ነው ሞተሩ ቀድሞውኑ ተነስቶ እንደነበር የገባው። ያን ቀን መንገድ አልወጣም። ጋቢናው ውስጥ እንደተቀመጠ አለቀሰ።

ጥፋቱ የመርፌው ነበር፤ ግማሹ ግን የራሱ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒት ጀመረና ትንሽ ሲሻለው አቋረጠ። በሽታው ሲመለስበት በየቀኑ የሚወጋው መርፌ ታዘዘለት። ነርሷ፣ «ጆሮህ ውስጥ የሚጮህ ነገር ከተሰማህ ሳትውል ሳታድር ንገረኝ» ብላው ነበር። ጮኸበት፤ አልነገራትም። ብነግራት መርፌውን አቁመው እንደገና ከሀ ጀምር ይሉኛል ብሎ ፈራ። ከመኪናው ርቆ አልጋ ላይ መዋል ለእሱ ከሞት አይሻልም ነበር። ሳንባው ዳነ፤ ጆሮው ሄደ። እንዲህ ያለ ልውውጥ ማንንም ያናድዳል፤ ዳርጌ ግን በማን ይናደድ? ነርሷ ነግራዋለች።

ከመኪና ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ደጋ ወርዶ ከተማ የገባው ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው፤ ያኔ አማርኛው እንኳ ገና ይንገዳገድ ነበር። መኪና አጠበ፣ ጎማ ነፋ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ሹፌር ሆነ። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ያረጀውን ቶዮታ በጨረታ ወሰደ። ሰማያዊ፣ ከኋላ ክፍት፣ ከእሱ በዕድሜ ብዙም የማያንስ መኪና ነበር። በእሱ ጂንካን ከአልዱባና ከቀይ አፈር ገበያ ጋር ሲያገናኝ ኖረ። ማሽላውም፣ በቆሎውም፣ ፍየሉም፣ ሰውም ከኋላ ይጫናል። መውረድ የፈለገ ሰው የጋቢናውን ጣሪያ ደብደብ ያደርጋል፤ ዳርጌ ያቆማል። ሌላ ደንብ አልነበረም።

መኪናው ከፋብሪካው ይዞት የመጣ አንድ ጌጥ ነበረው። ከፍጥነት መለኪያው ጎን፣ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳይ መርፌ ያለበት ክብ መስታወት። መካኒኮቹ አርፒኤም ይሉታል፤ ዳርጌ ዙር ቆጣሪ ነው የሚለው። በደጉ ጊዜ ዞር ብሎም አያየውም ነበር። «ማርሽ የሚቀየረው በጆሮ ነው» እያለ በወጣት ሹፌሮች ላይ ይቀልድ ነበር። እውነቱን ነበር፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር እጁ ማርሹ ላይ ይደርሳል።

ጆሮው ከሄደ በኋላ የወለሉን ንዝረት እየለየ በውስጥ እግሩ መስማት ጀመረ። ይህን ምስጢር የምታውቀው አበዛሽ ብቻ ናት። ደንቆሮ ሹፌር መኪና ላይ ማን ይወጣል? መንጃ ፈቃዱስ እንዴት ይታደሳል? ስለዚህ አበዛሽ የሽንኩርት ንግዷን ትታ ጋቢና ገባች። ሒሳብ ትቀበላለች፣ ጣሪያው ሲደበደብ ጉልበቱን ነካ ታደርገዋለች፣ ከኋላ ጡሩምባ ሲነፋ በጣቷ ታሳየዋለች። በአሪኛ ቀስ ብላ ስታወራው ከንፈሯን እያየ እያንዳንዷን ቃል ይይዝ ነበር። የሌላ ሰው ከንፈር ግን አይገባውም፤ በአማርኛማ ጭራሽ። ሰው ሲያናግረው አንገቱን ነቅንቆ «እሺ» ይላል። ከአስር ሰባቱ ላይ «እሺ» ትክክለኛ መልስ ሆኖ ይገኛል።

ከተማው ደግሞ ዝም አይልም። አበዛሽ ቅናት ይዟት ባሏን ከወጣት ተሳፋሪዎች እየጠበቀች ነው ተባለ። «ዳርጌ፣ ዛሬም ፖሊስህን ይዘህ መጣህ?» ይሉታል መናኸሪያው ላይ። እሱ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ግን አንዳንዴ ሳትበላ ትተኛለች።

በዚህ ላይ የመኪናው ሞተር አረጀ። የቤንዚን ሞተር ነበር፤ ነዳጅ እንደ ውኃ ይጠጣል፤ ዘይትም መትፋት ጀመረ። ዳርጌ ከሐዋሳ ያገለገለ የናፍጣ ሞተር አስመጥቶ አስቀየረው። ኃይሉ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ናፍጣ ገና ሲነሳ ጀምሮ መላ መኪናውን ያንዘረዝራል፤ ውስጥ እግሩ የለመደችው ቋንቋ ሁሉ ተደበላለቀባት። ማርሽ መቼ እንደሚጨምር ጠፋው። አንዴ በማይሆን ማርሽ እያስጮኸው የቀይ አፈርን ገበያ አቋርጦ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየው። ከዚያ ወዲህ ትንሽ እንግዳ መንዘርዘር በተሰማው ቁጥር ይደነግጥና ያቆማል። ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል። ምንም የለም። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ያቆማል። ተሳፋሪው፣ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ያሳድረናል» እያለ ያጉረመርማል፤ አንዳንዱም ወርዶ በእግሩ ይቀድመዋል። ሌላ መኪና መጠበቅ የጀመሩም ነበሩ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ሹፌርነቱ ማለቁ እንደሆነ ዳርጌ ያውቀዋል።

ያን ጊዜ ነው ዙር ቆጣሪው ትዝ ያለው። ሞተሩ ከተቀየረ ጀምሮ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቷል። እሱ ቢነሳ ዳርጌ ጆሮ አያስፈልገውም፤ በዓይኑ ይሰማል። ሐሳቡ ሲመጣለት እንቅልፍ አጣ። በነጋታው አበዛሽን ይዞ ወደ ጸጋዬ ሄደ።

ጸጋዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጋራዡ ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ አጥር ጥግ፣ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ሜዳው የሣር ነው፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላም ይግጥበታል። ጸጋዬ የሚፈለገውን ከአበዛሽ ሲሰማ ሳቀ።

«ጋሽ ዳርጌን ያህል ሹፌር በዚህ ዕድሜው መርፌ ምን ያደርግለታል? ጆሮው አለ አይደል!»

ዳርጌ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቶ «እሺ» አለ። አበዛሽ ቶሎ ብላ፣ «ናፍጣው አዲስ ሆኖበት ነው፤ እስኪለምደው ነው» አለች።

ጸጋዬ ሥራ ጀመረ። የድሮው ሞተር የቤንዚን ስለነበር የዙር ቆጣሪው ሽቦ የተነሳው ለካንዴላዎቹ እሳት ከሚልከው ኮይል ነው። ናፍጣ ኮይል የለውም፤ ሽቦው የሚቆጥረው አጥቶ ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ጸጋዬ ከዲናሞው ጀርባ አዲስ ሽቦ አወጣ። ዲናሞ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር የእሱን ምት መቁጠር ይቻላል። ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ከጭስ ማውጫው አርቆ፣ በሞተሩና በጋቢናው መሀል ባለው ግድግዳ ቀዳዳ ወደ ዳሽቦርዱ አስገባና አሰረው። ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ዘሎ ተነሳ። ዳርጌ በሁለት እጁ አጨበጨበ።

መርፌው ግን ይዋሻል። የዲናሞው ምት ከኮይሉ ምት ይበዛልና ቆሞ ለሚያንኮራፋ ሞተር የሩጫ ቁጥር ያሳያል። ከጀርባው የምትስተካከል ትንሽ ብሎን አለች፤ ልኩን ለማግኘት ግን ልክ የሚያሳይ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ጸጋዬ ተመሳሳይ ሞተር ያለው የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና ለመነ። ሹፌሩ መኪናውን ትቶለት ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆሙ።

«ስማ ጋሽ ዳርጌ» አለ ጸጋዬ ሁለት ጣቶቹን አንስቶ፤ «እኔ እዚህ ሁለት ሺ ላይ አድርጌ እይዛለሁ። አንተ ነዳጁን ቀስ እያልህ ርገጥ። የሁለቱ ሞተር ድምፅ አንድ ሲሆን እጅህን አንሳ። ያኔ አንተም ሁለት ሺ ላይ ነህ ማለት ነው፤ መርፌውን አስተካክልልሃለሁ።»

ይህን ማንም ሹፌር ያደርገዋል። ሁለት ሞተሮች ሲቀራረቡ ድምፃቸው ይጎርፋል፣ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ገጥሞ አንድ ይሆናል። አበዛሽ ግን በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረችም፤ ሥራው ያለቀ መስሏት ሽንኩርት ልትገዛ ሄዳለች። ዳርጌ ከንግግሩ የያዘው የተነሱትን ሁለት ጣቶችና እጅ ማንሳቱን ብቻ ነው። «እሺ» አለ።

ነዳጁን ረገጠ። ምልክት ፍለጋ የጸጋዬን ፊት አየ። ጸጋዬ ደግሞ ድምፁን አጥርቶ ለመስማት ዓይኑን ጨፍኗል። ዳርጌ ትንሽ ጨመረ። አሁን ይሆን? ጨመረ። ግንባሩ ላይ ላብ አቸፈቸፈ። ጥቁር ጭስ ከኋላ ተነሳ፣ ሜዳው ላይ የነበሩት ላሞች ሸሹ፣ ሰው ከየሱቁ ብቅ አለ። ሞተሩ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው፤ ያን ጊዜ ዳርጌ እጁን አነሳና ፈገግ አለ።

ጸጋዬ ሮጦ መጥቶ ቁልፉን ራሱ አጠፋው። ቀስ ብሎ ወደ መኪናው ጀርባ ዞረና በትልቅ መፍቻ ብረቱን በኃይል መታ። መንገድ ተሻግሮ የነበረ ሰው ዞር አለ። ዳርጌ አልዞረም፤ ፈገግታው ገና ከፊቱ ላይ አልጠፋም።

አበዛሽ ሽንኩርቷን ይዛ ስትሮጥ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ዳርጌ የጸጋዬ ከንፈር አይገባውም፤ የሚስቱን ብቻ እያየ የንግግሩን ግማሽ ያዘ።

«አዎ» አለች አበዛሽ። «ከሳንባው መድኃኒት ነው። ሙሉ በሙሉ።»

ጸጋዬ ብዙ ተናገረ። እጁን ወደ መኪናው ኋላ ዘረጋ፤ ሰው የሚቀመጥበትን አሳየ።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ አለሁ አይደል? እኔ ነኝ ጆሮው። ከጋቢና ወርጄ አላውቅም።»

ጸጋዬ ራሱን ነቀነቀ። ፒንሳውን ወደ ሣጥኑ ወረወረ። ስለ እሱ ሕይወት ሁለት ሰዎች ሲወስኑ ተቀምጦ ማየት ለዳርጌ ከመደንቆሩም የባሰ ነበር። ዘሎ ወርዶ የጸጋዬን ክንድ ያዘ፤ ድምፁን መመጠን ስለማይችል መላ ሰፈሩ ሰማው።

«ከዚህ በቀር ምንም የለኝም! ጸጋዬ፣ ምንም!»

ጸጋዬ ለአበዛሽ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሷም ወደ ባሏ ዞራ በአሪኛ ነገረችው። «የምትጭነው ሰው ነው፤ በግ አይደለም፣ ይላል። እኔ ከጎንህ ከሌለሁ መኪናው እንዳይነሳ። በእግዚአብሔር ስም ማሉልኝ ይላል።»

ሁለቱም ማሉ። ጸጋዬ የሁለቱን ሞተሮች ድምፅ በራሱ ጆሮ አገጣጥሞ መርፌውን አስተካከለ። በዙር ቆጣሪው መስታወት ላይ በቀይ ቀለም ትንሽ መስመር ሳበና የዳርጌን ጣት ይዞ መስመሩ ላይ አስቀመጠው፤ እዚህ ሲደርስ ማርሽ ጨምር ማለቱ ነው። በልቡ ግን ደስ አላለውም። ያን ዕለት የሥራውን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሸኛቸው።

ከዚያ በኋላ ዳርጌ እንደገና ተወለደ ብል አላጋነንሁም። መርፌው ሲወጣ ማርሽ ይጨምራል፣ ሲወርድ ይቀንሳል፤ የነሪን ወንዝ ዳገት እንደ ድሮው አንዴም ሳያንቀው ይወጣዋል። በየመንገዱ ማቆሙን ተወ። የሆነ መንዘርዘር ሲሰማው መርፌውን ያያል፤ መርፌው ከረጋ ሞተሩ ደህና ነው፣ ሞተሩ ደህና ከሆነ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው። ተሳፋሪዎቹ ተመለሱ። «ዳርጌ ወጣት ሆነ» አሉ። እሱም የልብ ልብ ተሰማው። አንዳንዴ መርፌውን ትኩር ብሎ ሲያይ የሞተሩ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚሰማው ይመስለዋል። አበዛሽ ጉልበቱን ስትነካው እንኳ፣ «አይቼዋለሁ» ማለት ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ያስፈራል፤ እሱ ግን አልፈራም።

አንድ ማክሰኞ ከአልዱባ ገበያ ሊመለሱ፣ መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል፣ ሰዎች አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ቦሼ ይባላሉ፤ የወባ ትኩሳት ራሳቸውን አስቷቸዋል፣ ዓይናቸው ተገልብጧል። ተቀምጠው መሄድ አይችሉም። የጋቢናውን መቀመጫ ሁሉ ይዘው መጋደም ነበረባቸው። ለታማሚ ጋቢና መልቀቅ በዚያ አገር የማይጠየቅ ነገር ነው፤ ሲመጣ ሰው በራሱ ይወርዳል። አበዛሽም ወረደች።

ዳርጌ ክንዷን ያዛት። «መሐላውስ?» አላት።

«ታዲያ ይሙቱ?» አለችው። «ከጋቢናው ጀርባ እቆማለሁ። በመስታወቱ ታየኛለህ። ቀስ ብለህ ሂድ።»

እሷ ያሰበችው ቦታ ግን ተይዟል። ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ከጋቢናው ጀርባ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ የበቆሎው ጆንያም መሀሉን ሞልቶታል። አበዛሽ ሴቶቹን ተነሱ ማለት ከበዳት። እስከ ጭራው ሄዳ የመጨረሻው ጆንያ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆና እጇን አወዛወዘችለት። ዳርጌ በመስታወቱ አያት። መውረድ ነበረበት። ሴቶቹን ማስነሳት ነበረበት። ሽማግሌው አጠገቡ ያቃስታሉ፤ ሆስፒታሉ ጂንካ ነው፤ መርፌው ደግሞ አለ። ማርሽ አስገባ።

ያኔ አስፋልቱ ገና አልመጣም። መንገዱ የኮረት ነው፤ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ፣ በየመሀሉ በደረቅ ቦይ የተቆረጠ። አንዱን ቦይ ሲሻገሩ መኪናው ከኋላ ዘለለ። ጆንያው ተንከባለለ፤ አበዛሽም አብራ ወደ ውጭ ተወረወረች። አልወደቀችም ግን፤ የጎኑን ብረት ያዘች። ሁለት ሰዎች ክንዷን አፈፍ አደረጉ። እግሯ መሬት ይጎተታል። የቀሩት ጣሪያውን መደብደብ ጀመሩ፤ በእጅ፣ በዱላ፣ በጫማ።

ዳርጌ ያን መደብደብ አልሰማም ማለት አይቻልም፤ በጀርባው ተሰምቶታል። መቀመጫው ነዘረበት። የዱሮው ዳርጌ፣ ከአንድ ወር በፊት የነበረው ፈሪ ዳርጌ፣ ደንግጦ ያቆም ነበር። የአሁኑ መርፌውን አየ። መርፌው ቀዩ መስመር ላይ ረግቶ ቆሟል። መንገዱ ነው አለ በልቡ። በመስታወቱ ቢያይ የሰው ጀርባና ክንድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ገበያ ውሎ ሞቅ ያለው ሰው ከኋላ ቆሞ ሲጨፍር ብርቅ አይደለም። ማርሽ ጨመረ።

አበዛሽ ምን ስትል እንደነበር ኋላ የነገሩት እነዚያ ክንዷን የያዙት ሰዎች ናቸው። ባሏን አልጠራችም። «አይሰማም! ጆሮው አይሰማም! ከፊት ሆናችሁ አሳዩት!» እያለች ነበር የምትጮኸው። ያን ሁሉ ዘመን የደበቀችውን በአንድ ትንፋሽ ለሁሉም ተናገረች። አንዱ ጎልማሳ ነገሩ ገብቶት ጣሪያው ላይ ተሳበና ጋቢውን የፊት መስታወቱ ላይ ጣለው። ዳርጌ ፍሬን ያዘ። ያ የሆነው ግን የሰዎቹ እጅ ከከዳቸው በኋላ ነው።

ተቆጥቶ ወረደ። «ምን ሆናችሁ ነው? ልትገድሉን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ባንዴ ዘለው ከበቡት። ሃያ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ አንዱም አይገባውም። እጅ ወደ ኋላ ይጠቁማል፣ ሴቶች ፊታቸውን ይነጫሉ። ዳርጌ ቶሎ ቶሎ ከፊት ወደ ፊት እየተዘዋወረ የአንድ ሰው ከንፈር ፈለገ፤ የሚገባውን ያን አንድ ከንፈር። እንዲህ ግራ ሲገባው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አበዛሽ እንድትነግረው ፈለጋት። ከመሀላቸው አልነበረችም። ያኔ ገባው።

ወደ ኋላ በእግሩ ሮጠ። ሲደርስ በግ ሲያግዱ የነበሩ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ቅጠል አንጥፈው አስተኝተዋታል። ትንፋሽ አልነበራትም። ሌላ የሚነዳ ሰው ስላልነበረ መኪናውን እሱ ራሱ አመጣው። ሬሳውን ከኋላ፣ ቦሼን ከፊት ጭኖ ጂንካ ገባ። ቦሼ ዳኑ። ዳርጌ በዚህ እንኳ መጽናናት አቃተው፤ አንዳንዴ ሽማግሌውን ይጠላቸዋል፣ በመጥላቱም ያለቅሳል።

ቀብሯ በማግሥቱ ነበር። ከአልዱባም፣ ከቀይ አፈርም ሰው መጣ። አሁን ሁሉም ያውቃል፤ «ፖሊስህን» እያሉ ይስቁበት የነበሩት አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ጸጋዬ ከዳርጌ ጎን ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል የመዘምራኑ አፍ ተከፈተ። ዳርጌ ነጭ ጥርሶችን፣ የሚወጣና የሚወርድ ደረትን፣ እየተንቀጠቀጠ የሚዘምር ጉንጭን አየ። አበዛሽ ሰባት ዓመት አብራቸው ዘምራለች። ከምትወዳቸው መዝሙሮች አንዱ መሆን አለበት፤ የትኛው ነው?

ወደ ጸጋዬ ዞረ። በሹክሹክታ የጠየቀ መስሎት ነበር፤ መቃብሩን የከበበው ሰው ሁሉ ግን ሰማው።

«የትኛውን ነው የሚዘምሩላት?»

መዝሙሩ ተቋረጠ። ጸጋዬ ዓይኑን ጠርጎ፣ ፊቱን ወደ ዳርጌ አዙሮ፣ ከንፈሩን እያጎላ፣ ቀስ አድርጎ ነገረው። ደግሞም ነገረው። ዳርጌ የጸጋዬን አፍ አፍጥጦ አየ።

ከዚያ አንገቱን ነቀነቀና «እሺ» አለ።